መሳቢያ ውስጥ የተኛው ሴንሰር

የምድር ቤቱን ደረጃ ወርጄ ሳልጨርስ ሽታው አንገሸገሸኝ። የተሰበረው የፍሳሽ ቱቦ ከመኝታ ክፍላችን ሥር ባለው ምሰሶ ላይ እንደ ለሃጭ ይዝረበረባል። ምሰሶው የተሰነጠቀ ጊዜ ባለሙያዎች መጥተው ሴንሰር የሚሉትን ሳሙና የሚያህል ነጭ ሣጥን ለጥፈውበት ነበር። ምሰሶው ትንሽ ከተነቃነቀ ያለ ምንም ሽቦ ለነዋሪው ሁሉ ስልክ ምልክት ይልካል፤ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲብስ ቀይ።

ጠዋት ልጄን "ተነሽ፣ ምሰሶው አላማረኝም፣ አክስትሽ ቤት እንሂድ" ብላት ሳቀችብኝ።

"እማዬ፣ አረንጓዴ ነው እኮ! አንቺ እንደሆንሽ ሲያካፋም ጎርፍ ነው የሚታይሽ።"

ይኸው በእጅ ባትሪ አየሁት። ስንጥቁ በቀለም ተለቅልቋል። ሣጥኑ የለም።

የሕንፃው ተቆጣጣሪ እዚያው ምድር ቤት ባለው ቢሮው ተቀምጦ የዶሮ ክንፍ ይግጣል። ቅባቱ እስከ ክርኑ ወርዷል።

"ሣጥኑስ?"

"ቀለም ሲቀባ እንዳይበላሽ አነሳነው፣ እማማ። ባለሙያዎቹ ጋ ደውዬ አስጠፋሁትና እዚህ ሳስቀምጠው መልሰው አስጀመሩልኝ።" በቅባታም ጣቱ መሳቢያውን ሳበ። ሣጥኑ በተጋጠ አጥንትና ባገለገለ የጥርስ መጎርጎሪያ መሀል ተኝቷል። ለካ ስልካችን ደህና ነው ሲለን የከረመው ስለ መሳቢያው ነው!

"መልሰህ ለጥፈዋ!"

"ይጮሃላ! ቤት ሊገዙ የሚመጡ ሰዎች አሉብኝ።" አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ምን አስጨነቀዎት? ይሄ ሕንፃ መቶ ዓመት ይኖራል።"

ወደ ጉሮሮዬ የመጣውን መልሼ ዋጥኩ። ቅባቱ እንዳይነካኝ ሣጥኑን በቀሚሴ ጫፍ ይዤ አነሳሁት። ወዲያው ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኩ ጮኸ። ቀይ! ከላይ በር ተበረገደ፤ "ውጡ! ውጡ!" የሚል ድምፅና የእግር ኮቴ ደረጃውን ሞላው።

"አስቀምጪው!" አለ፤ እማማነቴም እርስዎነቴም አንድ ላይ ቀሩ። "ውሸት ነው በያቸው!"

"ውሸቱማ አረንጓዴው ነበር" አልኩና እንደ መድኃኒት ጠርሙስ እየነቀነቅሁት ወደ ደጅ ወጣሁ። ተቆጣጣሪው ተከትሎ እጅጌዬ ላይ ተንጠለጠለ። ቅባቱ ጨርቁን አልፎ ቆዳዬን ሲነካኝ ሰውነቴ ሁሉ ተሸማቀቀ፤ ግን አላቆምኩም።

ልጄ ፀጉሯን በፎጣ እንደጠቀለለች፣ ባንድ እግር ጫማ "እማዬ! እማዬን ያያችሁ!" እያለች ከበሩ ፈተለከች። መንገዱን ተሻግራ ማዶ እስክትቆም ነቀነቅሁት።

ከዚያ ጎንበስ አልኩና እዚያው የተቆጣጣሪው ጫማ ላይ አስታወክሁ።