ባለ ሰባት ወንበር

መኪናዋን የመረጠችው ሳቢሃ ራሷ ነች። ይህን እሷም አትክድም፤ ብትክድም ዝርዝሩ ስልኳ ላይ ቁጭ ብሎ ይመሰክርባታል።

ነገሩ የተጀመረው በአጎቷ በሀቢቡላህ ነው። ሀቢቡላህ በጅማ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ወላጆቿ ከሞቱ በኋላ በቾ ቦሬ ባለው ቤታቸው አባት ሆነው ያሳደጓት ሰው ናቸው። ደግ ናቸው፤ ግን ንግግር በብር የሚገዙ ይመስል ቃል ይቆጥባሉ። አንድ ጠዋት ወደ ሱቅ ሊወጡ ጫማቸውን እያሰሩ፣ ለቤቱ መኪና ሊመጣ እንደሆነ፣ ነገሩን የያዘው ፋሂም የሚባል ሰው አዲስ አበባ እንዳለ፣ የምትፈልገውን ሁሉ እንድትጽፍለት ነገሯትና ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ጥለውላት ወጡ። ምን ዓይነት መኪና፣ ለምን፣ በማን ገንዘብ፣ አንዱንም አላሉም። እሷም አልጠየቀችም። በዚያ ቤት ታላቅን መጠየቅ ነውር ነው ብሎ የተናገረ ባይኖርም፣ ጠይቆ የሚያውቅም የለም።

ሳቢሃ ከኪቶ ፉርዲሳው ካምፓስ ተመርቃ ሦስት ዓመት ሥራ ፈልጋ ያጣች፣ ቤት ከመቀመጥ ብላ መንጃ ፈቃድ ያወጣች የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነች። ወረቀቱን እንዳየች አንድ ሐሳብ መጣላትና እንቅልፍ ነሳት፤ የተማሪዎች ሰርቪስ። የበቾ ቦሬ ልጆች ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ላይ ተደራርበው፣ የአንዱ ቦርሳ የሌላውን ዓይን ሊያወጣ ሲደርስ እያየች ኖራለች። ሳምንት ሳይሞላ የሰፈሩን እናቶች አነጋግራ ስድስት ልጅ መዘገበች። ከሦስት ዓመት በኋላ የራሷ የምትለው ሥራ ሊኖራት ነው፤ ደስታዋን የት ታድርገው።

ለፋሂም የጻፈችውም ይህንኑ እያሰበች ነው። ሰባት ወንበር ይሁን፤ ስድስቱ ለልጆቹ፣ አንዱ ለእሷ። በሩ ወደ ጎን የሚንሸራተት ይሁን፤ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ባጃጅ በሚርመሰመስበት መንገድ ላይ ልጅ ያስፈጃል። ከውስጥ ልጅ እንዳይከፍተው የሚቆለፍም ይሁን። የመሃል ወንበሮቹ ወደ ፊት ይሳቡ፤ ከኋላ የሚቀመጡት እየተረጋገጡ እንዳይገቡ። ወንበሩ ቆዳ እንጂ ጨርቅ አይሁን፤ ከስድስት ልጅ አንዱ ማስመለሱ አይቀርም። ከኋላ ማን ማንን እንደሚመታ ከፊት ሆና የምታይበት ካሜራም ቢኖር ጥሩ ነው። ቀለሙ ነጭ አይሁን፤ የልጅ እጅ ያርፍበታል። ፋሂም ለእያንዳንዱ በደቂቃ ውስጥ ይመልስላታል። የጣሪያ መስኮትስ ትፈልጊያለሽ ሲላት፣ መጀመሪያ አልፈልግም አለች፤ ቆይታ ደግሞ ልጆች ሰማይ ማየት ይወዳሉና ይኑር ብላ ጻፈች። እንዲህ ያለ ትሑት ነጋዴ አይታ አታውቅም።

መኪናዋ ስትመጣ ይዟት የመጣው ራሱ ፋሂም ነበር። ግቢው ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁልፉን ሁሉ አሳያት። መኪናዋ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ነችና፣ ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ መብራት ሲጠፋስ፣ ዝናብ ሲሆንስ እያለች አፋጠጠችው፤ እየሳቀ ሁሉንም መለሰላት። ከዚያ በኋላም ሦስት ሳምንት ያልገባትን ሁሉ እየደወለች ጠየቀችው። ቤት ውስጥ ቻርጅ ለማድረግ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚፈጅባት አማረረችለት።

ፋሂም መኪና ሻጭ አልነበረም። ይህን ከሳቢሃ በቀር ቤቱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የአሰንዳቦ ቡና ነጋዴ ነው፤ እሷን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ሀቢቡላህ እሺ ብለውታል፤ መኪናዋም ሙሽራ ከባሏ የምትቀበለው ስጦታ፣ መህሯ ነች። አጎት ከወንድሙ ልጅ ጋር ስለ ባል ማውራት አይሆንለትምና ሀቢቡላህ ነገሩን ለሚስታቸው ለለጢፋ ሰጡ። ለጢፋም አፈረች። አንድ ቀን ልብስ እያሰጣች፣ ሰባት ወንበር ለልጅ መቼም ይመቻል ስትላት ሳቢሃ ስድስቱን ተማሪዎች አስባ ሳቀች። ለጢፋ ከዚህ በላይ ምን ትፈልግ! ማታ ለባሏ ነግሬያታለሁ፣ ሳቀች አለቻቸው። የልጃገረድ ሳቅ ደግሞ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ፋሂምም በበኩሉ ከውል ይልቅ የሚጣፍጥ ማስረጃ ስልኩ ላይ ነበረው፤ ገና ካልተወለዱ ልጆቿ ወንበር ጀምሮ ሁሉን ያሰበች ሴት። ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲሳሳት አንድ እንኳ የሚጠይቅ አለመገኘቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እሁድ ጠዋት ሀቢቡላህ አሰንዳቦ የታመመ ሰው ልንጠይቅ ነውና ውሰጂን አሏት። ውሸት አልነበረም፤ የፋሂም አባት በጠና ታመዋል፣ የልጃቸውን ኒካ ሳያዩ እንዳይሞቱም እዚያው አልጋቸው አጠገብ እንዲታሰር ተስማምተዋል። አብረው የሚሄዱት የሰፈሩ ሼህ ሙርሺድና የሀቢቡላህ የልብ ወዳጅ ሐጂ አብዱልፈታሕ ናቸው። በሩ በራሱ ሲንሸራተት ሐጂ ቢስሚላህ ብለው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። መኪናዋ በቻይናዊት ሴት ድምፅ የሆነ ነገር ስትል ደግሞ ሰላምታ መስሏቸው ወአለይኩም ሰላም አሉ። ሽማግሌዎቹ ቀበቶ አናስርም ስላሉ እስከ መናኸሪያው ድረስ ጢጥ ጢጥ እያለች ታዘበቻቸው። ሳቢሃ በሳቅ ልትፈነዳ ደርሳ ነበር።

ሰርቦን አለፍ እንዳሉ ሐጂ የቆዳውን ወንበር መታ መታ አደረጉ።

«ኩን ኮንኮላታ ሚቲ፣ መና ዳ! መኪና አይደለም፣ ቤት ነው እንጂ። መህር እንዲህ ነው። የስንቷ ሙሽራ መህር ወረቀት ላይ ሲቀር፣ እሷ እየነዳችው ነው።»

ሳቢሃ መጀመሪያ ስለ ሌላ ሴት የሚያወሩ መሰላት። ከፊቷ ባለው ስክሪን ላይ፣ ልጆችን እጠብቅበታለሁ ብላ ባስገጠመችው ካሜራ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አጎቷ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ። ጆሯቸው ቀልቷል። ሙሽራዋ እሷ ራሷ መሆኗ የገባት ያን ጊዜ ነው።

ሼህ ሙርሺድ ልጅቷ ተጠይቃለች ወይ ብለው ሀቢቡላህን ጠየቁ። ለጢፋ ጠይቃታለች፣ ሳቀች አሏቸው። ሼሁ ግን ጠንቃቃ ናቸውና በገዛ ጆሮዬ ልስማ ብለው ወደ ፊት ጠጋ አሉ።

«ሳቢሃ ልጄ፣ ሀቢቡላህ ወኪልሽ ሆኖ ከፋሂም ጋር ኒካሽን እንዲያስር ፈቅደሻል?»

ከፊት አንድ የጭነት መኪና ሌላውን ሊቀድም መስመሯን ይዞ ይመጣባታል። ፍሬን ያዘች፣ ጥግ ያዘች፣ መኪናዋ በቻይንኛ ጮኸች። የጭነት መኪናው ካለፈም በኋላ ምላሷ አልታዘዝ አላት። በስክሪኑ ሼሁ ሲጠብቁ፣ ሲጠብቁ፣ ከዚያም ጺማቸውን ሲያሹ አየች።

«ዝምታዋ ፈቃዷ ነው» አሉ ሐጂ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሼሁ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው።

ከዚያ እስከ አሰንዳቦ ያለውን መንገድ ሳቢሃ እንዴት እንደነዳችው አታውቀውም። የአራቱም በር ቁልፍ በእጇ፣ መሪው በእጇ፣ ፍሬኑ በእግሯ ሥር ነው፤ መንቀሳቀስ የማትችለው ግን እሷ ብቻ ነበረች። ልቁምና ልናገር ትላለች፤ አጎቷን ታያለች። ታይፎይድ ይዟት ሆስፒታል በተኛች ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ከወንበር ያልተነሱ ሰው ናቸው። እጃቸውን አንስተውባት አያውቁም። አሁን በእነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ታዋርዳቸው? አሰንዳቦ ስትቃረብ እንደ ምንም ትንፋሽ ስባ አፏን ከፈተች። ሀቢቡላህ ከኋላ ሆነው፣ «ሱታ፣ ልጄ። ቀስ ብለሽ ንጂ» አሏት። ድምፃቸው እንደዚያ ለስልሶ ሰምታው አታውቅም። አፏን መልሳ ዘጋች። በዓይኗ የሞላውን እንባ በእጅጌዋ ጠረገች እንጂ ማቆም እንኳ አልቻለችም።

የፋሂም ቤተሰብ ግቢ ስትገባ እልልታ ተቀበላት፤ የብረቱ በር ከኋላዋ ተዘጋ። ነጭ ጀለቢያ የለበሰው ፋሂም መሬት መሬት እያየ መጣና አጥሩ ላይ የተሰቀለ አዲስ ሣጥን አሳያት። ቻርጀር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል ብላው ስለነበር ለብቻው መስመር አስገብቶላታል፣ አሁን ሦስት ሰዓት ይበቃል። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በተመቻት! ሰውየው ግን ያለችውን ሁሉ የሰማ፣ አንድም ሳይረሳ የሰማ ሰው ነበር፤ የተናገረችውን እንጂ ያላለችውን ከየት ያምጣው።

ሴቶቹ እጇን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧትና ፍራሽ ላይ አስቀመጧት። ወንዶቹ በሚቀጥለው ክፍል በሕመምተኛው አልጋ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ በመሃል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። አንዷ ሽቶ ረጨችባት፣ አንዷ ሻሿን አስተካከለችላት። ሼህ ሙርሺድ ከኒካው በፊት የሚባለውን ንግግር፣ ኹጥባውን፣ ጀመሩ። ድምፃቸው ቀስ እያለ ወደ መጨረሻው ሲሄድ ይሰማታል። ሲያበቃ አጎቷ አንድ ቃል ይላሉ፣ ፋሂም አንድ ቃል ይመልሳል፤ በቃ፣ እሷ ሳትኖርበት ያልቃል። እንዴት እንደተነሳች አታውቀውም፤ ሴቶቹ ቀሚሷን ሊይዙ እጃቸውን ሲዘረጉ መጋረጃውን ገልጣ ወንዶቹ መሃል ገባች።

አጎቷና ፋሂም ፊት ለፊት ተቀምጠው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ በእጃቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ተጥሎበታል።

«ሼህ፣ አልፈቀድኩም» አለች። «መንገድ ላይ ዝም ያልኩት ፈቅጄ አይደለም። ደንግጬ ነው። ማንም ነግሮኝ አያውቅም።»

ሼህ ሙርሺድ ጨርቁን አነሱና አጠፉት።

«ሀቢቡላህ፣ እጅህን ልቀቅ» አሉ።

ሀቢቡላህ አልለቀቁም፤ የሰሙም አይመስሉም ነበር። እጁን ቀስ አድርጎ ያወጣው ፋሂም ነው። ተነስቶ ተከትሏት ወደ ግቢው ወጣ። ሌላ ሰው እንዳላት ጠየቃት፤ የለም አለችው።

«የጻፍሽልኝ ግን ሁሉም ስለ ልጆች ነበር» አላት።

«የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። ስድስት የሰፈራችን ተማሪዎች። መኪና ሻጭ መስለኸኝ ነው።»

ፋሂም ግንባሩን ያዘ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ቁልፉን ስትዘረጋለት አልተቀበላትም። የሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና በሩን ገፋ አደረገችው።

ሽማግሌዎቹም እሷም ወደ ጅማ የተመለሱት በሚኒባስ ነው። ሼሁና ሐጂ ከፊት ቦታ ተለቀቀላቸው። ሳቢሃና አጎቷ ለሦስት በተሠራው የመጨረሻ ወንበር ላይ አራት ሆነው ተቀመጡ፤ እሷ በመስኮቱና በሀቢቡላህ ትከሻ መሃል ተጣብቃ፣ መስኮቱ የማይከፈት፣ እግሯ ሥር የሰው ጆንያ። የአጎቷ ትንፋሽ ይሰማታል፤ ፊታቸውን ማየት ግን ፈራች። ያፈረሰችው ኒካ ነው፣ ያዋረደችው ያሳደጋትን ሰው ነው፤ ነገ በቾ ቦሬ ምን እንደሚባል ታውቃለች።

ሰኞ ደግሞ ትምህርት ይከፈታል፤ ልጆቹ ለብሰው ደጅ ይቆማሉ። ስልኳን አውጥታ ተናኘ ጋ ደወለች፤ ተናኘ ከስድስቱ የሁለቱ እናት ነች። መኪናዋ የቤታቸው እንዳልነበረች፣ ሰርቪሱም እንደማይኖር፣ ይቅርታ እንድታደርግላት በተቆራረጠ ድምፅ ነገረቻት። ስትዘጋው ሀቢቡላህ ከአሰንዳቦ ከተነሱ ጀምሮ የመጀመሪያውን ቃል ተናገሩ።

«የምን ልጆች ናቸው?»

ነገረቻቸው። የሰባቱን ወንበር፣ የሚንሸራተተውን በር፣ ካሜራውን፣ ለምን ለምን እንደመረጠች ሁሉን ነገረቻቸው። እያዳመጡ ዓይናቸው ከፊት ለፊታቸው ካለው ወንበር ጀርባ አልተነቀለም።

«ይህን ሁሉ ስታስቢ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎን አፍሬ ነው። ለእማ ለጢፋ፣ መኪናዋ ለልጆች ነች ብያት ነበር፣ እንድትነግርዎት።»

«እኔም የኒካውን ነገር ለእሷ ነው የነገርኳት» አሉ ሀቢቡላህ።

ሰርቦ ላይ ጆንያ የያዘው ሰው ወርዶ ወንበሩ ሰፋ አለ፤ ሁለቱም ግን አልተነቃነቁም። ሀቢቡላህ ወደ እሷ ዞር ብለው አንድ ነገር ሊሏት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ሳቢሃ ጠበቀቻቸው፤ ምን ሊሉ እንደነበር ግን አልጠየቀቻቸውም።