የሼህ ቡርሀን ልጅ

ሼህ ቡርሀን ልጄን ከቁርአን ቤት የመለሷት «በግራ እጇ ጻፈች» ብለው ነው። በግራ ባትጽፍ በምን ትጻፍ? ቀኝ እጇን ጣሊያን በልቶታል።

ያን ጊዜ በደሴቶቹ ለተሸሸጉ አርበኞች እህል የሚያሻግር አለ ተባለና፣ ሶላቶ የምንላቸው የጣሊያን ወታደሮች መጥተው በባሕር ዳር ሐይቁ ዳር የቆመውን ታንኳ ሁሉ አቃጠሉት። ታንኳ የሚሠራበት ደረቅ ደንገል ሲነድ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ «እሳት!» ብለው ሳይጨርሱ ዐመድ ነው። እህል አሻጋሪው ሌላ ሰው ሳይሆን ታንኳ ሠሪው ባሌ ሙሔ ነበር። በዚያ ቀን ደቅ ደሴት ላይ ስለነበር ተረፈ፣ እዚያው ቀረ። ልጃችን ሸሪፋ ግን አባቷ ሊደርቅለት ባቆመው ታንኳ ሥር ሉኋን አስጥታው ነበር። ሉህ ማለት ልጆች ፊደል የሚጽፉበት ጣውላ ነው፤ የተጻፈው ሲጠና ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይጻፍበታል። ልጅቷ «ሉሄ!» ብላ እሳቱ ውስጥ ገባች። ሉኋን አወጣችው። የቀኝ እጇ ጣቶች ግን እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ቀሩ።

አምስት ዓመቷ ነበር። ቁስሉ ሲደርቅ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ብርዕ ነው። እኔ ዘሊካ ፊደል የሚባል አልቆጠርሁም፤ ስለዚህ በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ሉኋን በጉልበቷ ይዛ፣ በግራ እጇ ከዓረብኛው ፊደል አሊፍን አቆመችው፤ ባን አጋድማ ከሥሩ ነጥብ ጣለችበት። ሆዱ ትንሽ ጠመም አለ እንጂ ባ ነው፤ ያየው ሁሉ ባ ነው ብሏል። ሼሁ ግን «የአላህ ቃል በግራ አይጻፍም» ብለው ሉኋን አስይዘው መለሷት።

ሌላ ሴት ብትሆን እሺ ብላ ትቀመጥ ነበር። እኔን ግን ምላሷ ከእግሯ ይቀድማል ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። በማግስቱ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ልጄን በነጠላዬ ሸፍኜ ሄድሁ። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተኮልኩለው፣ ሼሁ በደረቅ ብርዕ ጭረው ያሳዩአቸውን ፊደል በቀለም እየተከተሉ ይሞላሉ። አፍንጫቸው ሁሉ የቀለሙ ጥላሸት ነው።

«ሼህ፣ አላህ ያሳይዎ» አልሁ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ። «ቀኟን የወሰደባት ጣሊያን ነው፤ ግራዋን የሰጣት አላህ ነው። በሰጣት ብትጽፍለት ምን ይከፋዋል?»

«ቀስ በይ፣ ዘሊካ።»

«አልልም! ቀኝ እጅ ከየት ላምጣላት? ከገበያ ልግዛላት?»

ተነሥተው ወደ ጥግ ሳቡኝ።

«የግራና የቀኝ ነገር አይደለም» አሉኝ በሹክሹክታ። «ለቸገረው ግራም ይፈቀዳል፤ ይህን የማላውቅ መሰለሽ? የጣሊያኑ አስተርጓሚ እጇ የተቃጠለ ልጅ እያሰሰ ነው። ያን ቀን ሶላቶዎቹ አይተዋታል። እሷን ከያዝን ሙሔ ራሱ መጥቶ እጁን ይሰጣል ብለዋል። ለዚህ ቤት ደግሞ ጣሊያን ቆርቆሮ ሰጥቶታል፤ ባሻቸው ሰዓት እየመጡ ያዩታል። ልጅሽን እዚህ አስቀምጬ እንዴት ልሁን?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ዝም ትያለሽ?»

ልጄን ይዤ ልወጣ ስል ደጁ ላይ መኪና ቆመ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

የጣሊያኑ ሹምና አስተርጓሚው ሲገቡ ሸሪፋ ምንጣፉ መካከል ተቀምጣለች። ሼሁ መቼ ከእጄ እንደወሰዷት አላስተዋልሁም። ሉኋን ጭኗ ላይ አድርገው፣ ብርዑን ቀለም ነክረው በግራ እጇ አስያዟት።

«ጻፊ ልጄ፤ ቀና እንዳትዪ» አሏት።

አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው፤ ከዓይኑ ምንም አያመልጥም። ልጆቹን አንድ በአንድ እያየ መጥቶ እሷ ዘንድ ቆመ።

«ይቺ እጇ ምን ሆነ?»

«ለቀለም የሚሆን ጥላሸት ስናዘጋጅ ምድጃ ላይ ወደቀችብን» አሉ ሼሁ።

«የማን ልጅ ናት?»

«የእኔ።»

ሼሁ ልጅ በልጅ ናቸው፤ አንድ ቢጨምሩ ማንም አይቆጥርባቸውም። አስተርጓሚው ግን ፈገግ አለና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ? ይቺ የማን ናት?»

ልጄ ብርዑን አቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንደምል ልትሰማ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አፌ ሲቀድመኝ ኖሮ፣ ያን ቀን አንዲት ቃል ማውጣት እንደ ምጥ ሆነብኝ።

«የሼሁ ናት» አልሁ። «እኔ የድስት ጥላሸት ላቀብላቸው የመጣሁ ጎረቤት ነኝ።»

አፏን ከፈተች። አሁን «እማ» ትላለች አልሁ በልቤ። አላለችም። ጎንበስ ብላ መጻፏን ቀጠለች።

ሹሙ ሉኋን አይቶ በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረና ራሷን ዳበሳት። አስተርጓሚው ግን በሩ ላይ ዘወር አለ። «ሼህ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት። በመጣሁ ቁጥር ላያት እፈልጋለሁ» አለ። እንዳላመነ ሁላችንም ገባን።

ከዚያ ወዲያ ምን ይደረጋል? ወደ ደቅ እንዳልሻገር ታንኳ የለም። ታንኳ ቢገኝስ? ልጅቷ ከጠፋች የሚሰቀሉት ሼሁ ናቸው። ልጣላቸው የሄድሁት ሰው አንገታቸውን ለልጄ ሰጥተዋል፤ እንዴት አድርጌ ልክዳቸው? እዚያው ቀን ልጄን ለሚስታቸው ለመሪማ አስረከብኋት።

«እኔን ስታዪ እንዳላየሽ ሁኚ» አልኋት።

«እስከ መቼ?»

«አባትሽ እስኪመጣ።»

ትማር ያልሁት እኔ ነኝ። ተማረች። ውሃ ልቀዳ ስል እየዞርሁ በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ በአጥሩ ቀዳዳም አያታለሁ። ብርዑ በግራ እጇ ለመደ፤ የባ ሆድ ተቃና፤ ሌሎቹ ልጆች ገና አሊፍ ሲያጣምሙ እሷ ሙሉ መስመር ትጽፍ ጀመር። የአላህ ቃል የታጠበበት ውሃ መሬት አይደፋምና፣ ከሼሁ ልጆች ጋር በአንድ ቅል እየተቀባበለች ስትጠጣ አይቻለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንጀቴ ግን ያርር ነበር። አስተርጓሚው እንደሆነ ቃሉን አክባሪ ነው፤ ይመጣል፣ ያያታል፣ ይሄዳል። ከሙሔ ወሬ የለም።

ክረምቱ ሲወጣ አስተርጓሚው ከጦሩ ጋር ወደ ዱርቤቴ መውረዱን ሰማሁ። አላስቻለኝም፣ ሄድሁ። ሼሁ የሉም፤ ልጆቹ ተበትነዋል። ሸሪፋ ብቻዋን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። አድጋለች፤ መሪማ ጸጉሯን በሌላ ዓይነት ሠርታታለች።

«ሸሪፋ፣ ማንም የለም። እኔ ነኝ» አልኋት።

ብርዑን አስቀመጠች። ፊቴን ትክ ብላ አየችው። ልቅፋት እጄን ዘረጋሁ።

እሷ ግን ወደ ውስጥ ዞራ «እማ! አንዲት ሴትዮ መጥታለች!» ብላ መሪማን ጠራች።

ያልኋትን ፈጽማ ይሁን ረስታኝ፣ አላወቅሁም። እኔ አፈኛዋ፣ መጠየቅ ፈራሁ።