የጥሩሸዋ ሳምንት

በሚሌኒየሙ ዓመት መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ከወረዳው መመሪያ ይበልጥ የሚፈራ አንድ ሕግ ነበር፤ ያወጡት እትዬ ጌታነሽ ናቸው። በፕሌይስቴሽን ቤታቸው የቅዳሜን የድብድብ ጌም ውድድር ያሸነፈ፣ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ በተጫወተበት ተደባዳቢ ስም ይጠራል። በሌላ ስም የጠራው፣ ሳምንቱ ካለፈ በኋላም በዚያው ስም የጠራው ሰው ከቦኖ አንድ ጀሪካን ውሃ ቀድቶ የእሳቸው በርሜል ውስጥ ይገለብጣል።

የተደባዳቢዎቹን ስም ያወጣነው እኛው ነን። ሪዛሙ ሽማግሌ «መሪጌታ»፣ ቦርጫሙ «ከንቲባው»፣ ሹሩባዋን እያወናጨፈች የምትራገጠው ብቸኛዋ ሴት ደግሞ «ጥሩሸዋ»። ጎረምሳው ሁሉ ቦርጫሙን ይሻማል፤ እኔ ሁልጊዜ እሷን ነው የምመርጠው። «ፈጣን ናት» እላለሁ። ውሸቴን ነው፣ እንዲያውም ቀርፋፋ ናት። እውነቱ፣ ኪዳነ ወልድ ተብዬ ክርስትና ብነሳም ውስጤ ሴት ነኝ። ይህን ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። አንድ ሳምንት ብቻ፣ ማንም ሳይጠረጥር፣ በሴት ስም መጠራት አማረኝ!

ለዚህ ደግሞ ጎሚስታውን በኃይሉን መርታት ነበረብኝ። በኃይሉ ሁለት ወር ሙሉ ከንቲባው ሆኖ ከርሟል። ፍጻሜው ላይ ልሞት አንድ ቡጢ ሲቀረኝ መብራት እልም! ሲመጣ እንደ አዲስ ጀመርን፤ ከንቲባውን በእርግጫ ዘረርኩት። እትዬ ጌታነሽ ጠመኔ አንስተው ግድግዳው ላይ «ጥሩሸዋ» ብለው ጻፉ።

ወይ ያ ሳምንት! በገበያው «ጥሩሸዋ!»፣ በመናኸሪያው «ጥሩሸዋ፣ እንዴት አደርሽ?» ውሃ መቅዳት የፈራ ሁሉ አፉን ጠብቆ ይጠራኛል። ከአባባ ጋር ስሄድ እንኳ በኃይሉ ከጎማ ቤቱ «ጥሩሸዋ!» ብሎ ጮኸ።

«ማናት እሷ?» አሉ አባባ።

«ጨዋታ ነው፣ አባባ» አልኩ፤ ከሳቄ ብዛት ጉንጬ አመመኝ። እግሬ መሬት የሚነካ አልመስለኝ አለ። በኃይሉ ግን በጠራኝ ቁጥር ፊቴን ልብ ብሎ ያይ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰና አሸነፈኝ። እትዬ ጌታነሽ ስሜን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት። ዕንባዬ መጣ፤ ጫማዬን የማስር መስዬ አጎነበስኩ።

«ጥሩሸዋ፣ ነይ እስቲ አንዴ እንግጠም» አለ በኃይሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ተሳሳተ! ጀሪካን!» ሄዶ ቀድቶ መጣ፤ በርሜሉ ውስጥ ገለበጠና እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ «ጥሩሸዋ፣ ትመጫለሽ ወይስ ፈራሽ?» አለ።

«አንተ፣ ጤና የለህም? ስሙ እኮ ተጠርጓል!» አሉ እትዬ ጌታነሽ።

«አልተሳሳትኩም፣ እትዬ» አለ እኔን እያየ፤ ጀሪካኑንም ራሱ አነሳ።

እኔም ሌላ ጀሪካን ይዤ፣ እያለቀስኩ ይሁን እየሳቅኩ ሳላውቀው፣ ወደ ቦኖው ተከተልኩት። ያን ዓመት የእትዬ ጌታነሽ በርሜል ጎድሎ አያውቅም።