ሰራዊት የደበቀው እብጠት

«ጉበቱ ነው አሉ፤» አለች አንዷ ለቀስተኛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አይ፣ ሳንባው ነው፤» አለች ሌላዋ።

አንለይ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ከፊታቸው ተቀምጦ ይሰማል። ሟቹ ሰራዊት ታናሽ ወንድሙ ነው። አሶሳ ገበያ አጠገብ ሞተር ሳይክል ይጠግን ነበር፤ ሳቁ ከጋራዡ አልፎ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር። ሲያስለው፣ ወገቡን ሲይዘው «ብርድ ነው» ይል ነበር። ለሕክምና አዲስ አበባ የደረሰው በሽታው ሳንባው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

የሰራዊት ሚስት ሎዛ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች።

«ከሳንባው አይደለም የጀመረው። የዘር ፍሬው ላይ እብጠት ወጣበት። ሐኪም ይየው ብዬ ለመንኩት። ‹ካላመመኝ ለምን ብዬ ሱሪዬን ለሰው አወልቃለሁ?› አለኝ። አፍሮ ነው የሞተብኝ።»

አንለይ ጆሮው ጋለ። በቀብሩ ዕለት ማታ ገላውን ሲታጠብ የራሱ ዘር ፍሬ ላይ እጁ ያረፈበትን እብጠት ለማንም አልተናገረም። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደውም።

ተነስቶ ወጣ። የሰራዊት ጓደኛ ሙዳሲር ከድንኳኑ ጀርባ ወንበር ይደረድራል፤ ነርስ ነው።

«ሙዳሲር፣ እኔም አለብኝ።»

ሙዳሲር ወንበሩን አስቀመጠ። «ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«ወላሂ፣ አለማመሙ አያዘናጋህ። ውሃ ሊሆን ይችላል፣ የደም ሥር እብጠት ሊሆን ይችላል፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። በአልትራሳውንድ ይታያል። ካንሰር ቢሆን እንኳ በጊዜ የደረሰ ብዙው ይድናል።»

«ሰልስቱ ይውጣና...»

«አይሆንም። ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።»

ጠዋት ሎዛን «ሐኪም ቤት ደርሼ ልምጣ» አላት። ዓይኗ ዝቅ ብሎ ሱሪው ላይ አረፈና ፊቷ ተለወጠ።

ሐኪም ቤት የምርመራ አልጋው ላይ ተንጋለለ። ሐኪሙ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን ያንሸራትታል። አንለይ የሐኪሙን ቅንድብ ብቻ ያያል። ቅንድቡ በተኮማተረ ቁጥር ትንፋሹ ይቆማል።

«ፍሬው ደህና ነው፤» አለ ሐኪሙ በመጨረሻ። «ዙሪያውን ውሃ ቋጥሯል። ካደገ ወይም ካመመህ ቶሎ ተመለስ።»

ድንኳኑ ሲደርስ ሎዛ ከሰው መሃል አየችው። አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምን አሉህ?»

«ውሃ ነው አሉኝ።»

«ተመስገን» ልትል አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ፣ በሌላ እጇ የሸሚዙን እጅጌ ጨበጠች። ለቀስተኛ ሲገባም ሲወጣም አልለቀቀችውም።