ዝም ያለችው ቀማሽ

ሰው በገዛ እህቱ ይቀናል? ይቀናል እንጂ! ያውም እንዴት አድርጎ! በባዕድ የቀና ሰው ቢያንስ ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ በእህቱ የቀና ግን የት ይገባል?

ይቺ ሴትዮ በትልቁ የቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሃያ ሁለት ዓመት ቢራ ስትቀምስ የኖረች ናት። ባልደረቦቿ «አፍንጫ» ይሏታል፤ ስድብ አይደለም፣ ማዕረግ ነው። አፍንጫ ያላሳለፈችው ቢራ ከፋብሪካው በር አይወጣም። ታዲያ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ጠጪ መጥቶ ያመሰገናት የለም። ማን ያውቃታል? ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ተጎንጭታ፣ ፈርማ ወደ ቤቷ ነው።

ታናሿ ግን! ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቷትም «ሚጣ» የምትባለው ታናሿ፣ ስሙንም ያወጣችላት ራሷ አፍንጫ ናት፣ የልብስ ስፌቷን ትታ ቢራ መጥመቅ አማራት። ይኸው ሰፈሯ ውስጥ ስምንት ጠረጴዛ የምትይዝ ቤት ከፍታ ራሷ የጠመቀችውን ቢራና ወይን ትሸጣለች። ቤቱ ከተከፈተ ሰባት ወር ሆነው። አፍንጫም አንዴ ወገቤን፣ አንዴ እንግዳ አለብኝ እያለች ሰባት ወር ሙሉ ሰበብ ስትደረድር ከርማ፣ በዚህ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ብቅ አለች። የመጣችውም ሚጣ ደውላ ስለለመነቻት ነው። «እትዬ፣ ዛሬ የአንድ ሆቴል ግዢ ኃላፊ ይመጣል። ቢራዬን ከወደደው በየሳምንቱ ይወስድልኛል፤ ካልወደደው ዞሮም አያየኝ። እባክሽ አንቺ ቀድመሽ ቅመሽልኝ» ነበር ያለቻት።

ገና ከበሩ ስትገባ ውስጧ ቅጥል አለ። ቤቱ ያምራል፤ የከፋው እሱ ነው። ባንኮኒው ውልውል ብሏል፤ ከኋላው በመስታወት በኩል ሁለት የብረት ታንከሮች ይታያሉ፤ መስኮቱ ሥር የወይን ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ጡረታ የወጣ መምህር፣ ተራቸውን ጨርሰው የወጡ ሁለት ነርሶች፣ አንድ ጎማ ጠጋኝ፣ ሁሉም አፋቸው ላይ «ሚጣ፣ ሚጣ» ብቻ ነው። ጎማ ጠጋኙማ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው!» ይላታል።

«ኧረ ተዉኝ!» ትላለች ሚጣ እየተሽኮረመመች።

አፍንጫ በሆዷ «መሽኮርመሙን ደግሞ ከየት አመጣችው?» አለች። እርሾ ማለት ምን እንደሆነ በስልክ ስታስተምራት የከረመች ማን ሆነችና! እሷ አስተምራ፣ ምርቃቱ ለሚጣ። እንዲህም አለ?

ሚጣ ከታንከሩ ቀድታ ፊቷ አስቀመጠችላት። አፍንጫ አሸተተች፤ ተጎነጨች።

ቅቤ።

የቀለጠ ቅቤ ሽታ። በጣም ስስ ናት፣ ብዙ ሰው አያገኛትም፤ አፍንጫ ግን ተኝታም ትለያታለች። እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ብርድ ሲገባበት የሚመጣ ጣጣ ነው። ሚጣ ለቀጠሮው ብላ ቸኩላለች ማለት ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ጥቂት ቀን መታገስ።

ልትናገር አፏን ከፈተች። በዚያው መሐል አንዷ ነርስ «እህትሽ ናት? እሷም ቢራ ታውቃለች እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ሚጣ ሳቀች። ክፋት አልነበራትም፣ ጥያቄው አስቋት ነው። አፍንጫ ግን አፏን መልሳ ገጠመችው። ታውቃለች እንዴ! እስቲ አሁን ይሄ ይባላል? የሆቴሉ ሰውዬ መጥቶ ይቅመሰው፤ ፊቱን ሲያጨማድድ እናያለን። ወይ ክፋት! የአንድ እናት ልጅ ናት እኮ።

እንዲሁ ዝም እንዳለች ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። አንድ ወይን አዘዘች፤ አልጣማትም። ሚጣ ጓዳ ስትገባና ስትወጣ፣ ከዚህም ከዚያም ስትጠራ፣ ስትስቅ እያየች ስትቃጠል ቆየች።

አሥር ሰዓት ላይ የግዢ ኃላፊው ቦርሳውን በብብቱ ይዞ ገባ። ሚጣ ቀዳችለትና ወደ አፍንጫ ጠቆመች። «እህቴ ናት። ቅድም ቀምሳዋለች።»

«አፍንጫ የሚሉዎት እርስዎ ነዎት?» አለ ሰውዬው ቀና ብሎ። «ዝናዎን ሰምቻለሁ። እንዴት አገኙት?»

ሚጣ ቀደመቻት። «ምንም አላለችም!» አለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «እነሱ ፋብሪካ ደንቡ እንደዚያ ነው። ጉድለት ያገኘ ቀማሽ ይናገራል፤ ደህና ከሆነ ዝም ይላል። ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። እትዬ አሳለፈችኝ!»

አፍንጫ ክው አለች። ደንቡን የነገረቻት ራሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችበትን ደንብ ቅናት አስረስቷት፣ ዝምታዋ ፊርማ መሆኑ ትዝም አላላት።

«እሳቸው ካሳለፉትማ የእኔ መቅመስ ለወግ ነው፤ እንፈራረም» አለ ሰውዬው ወረቀቱን እያወጣ።

«ቆይ» አለች አፍንጫ። «አላለፈም። ቅቤ ቅቤ ይላል።»

ሚጣ አሸተተች፣ ቀመሰች፣ ደግማ አሸተተች። «የለም እትዬ! ምንም የለም!» ሰውዬውም ቀምሶ «እኔም አልተሰማኝም» አለ። ጎማ ጠጋኙ «ሴትዮ፣ ቀንተው እንዳይሆን!» ብሎ ሊያስቅ ሞከረ፤ የሳቀለት የለም።

«ቀንተሽብኝ ነው?» አለቻት ሚጣ።

«አዎ፣ ቀንቼብሻለሁ» አለች አፍንጫ። «ከገባሁ ጀምሮ ሲያንገበግበኝ ነው የዋለው። ቅቤው ግን አለ። ማቀዝቀዣውን አጥፊና አራት ቀን ተይው፤ እርሾው ራሱ ያጠፋዋል።»

ሚጣ ብርጭቆውን አየች፤ እህቷን አየች። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞራ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ አልሸጥልዎትም። ሐሙስ ቢመለሱ?» አለችው። ሰውዬው «ከተመቸኝ» ብሎ ወረቀቱን ቦርሳው ከተተና ወጣ።

አፍንጫ እፎይ አለች። አመነቻት! ያ ሁሉ ሰው የለም እያለ፣ ቀናሁብሽ እያለቻት፣ አመነቻት! ልታቅፋት ብድግ አለች።

«መቼ አወቅሽ?» አለች ሚጣ።

«ምኑን?»

«ቅቤውን።»

መዋሸት ትችል ነበር። «ከመጀመሪያው ጉንጭ» አለች።

ሚጣ ራሷን ነቀነቀች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «ቅድም ጓዳ ገብቼ ለእማዬ ደወልኩላት» አለች። «እትዬ አሳለፈችኝ ብዬ። በደስታ አለቀሰች። አሁን ምን ብዬ ልደውልላት?»

ከዚያ ማቀዝቀዣውን ልታጠፋ ወደ ታንከሩ ሄደች።