ዌንደል በጆሮው የመረጠው ካምሻፍት

ባሌ ዌንደል ለመኪናችን ሞተር ካምሻፍት የመረጠው በጆሮው ነው። ሐብሐብ አንኳኩቶ የሚገዛ ሰው አውቃለሁ፤ ሞተር ግን ሐብሐብ አይደለም ብዬው ነበር። አልሰማኝም። የበረዶውን ወራት ሙሉ ጆሮው ሌላ ሥራ ላይ ነበር።

እኛ ነብራስካ ውስጥ ሙቀቱ ሲመጣ ቅዳሜ ቅዳሜ የኮሌጁ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ኮኖች እንደረድርና በመካከላቸው እየተጠማዘዝን እንነዳለን። አንድ መኪና ብቻውን ይገባል፣ ሰዓት ይያዝለታል፣ ይወጣል። ኮን የገጨ ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል። እኔና ዌንደል ያለችን አንዲት ጣራዋ የሚከፈት ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ናት። እሱ ነድቶ ሲወርድ እኔ ወንበሩን ወደ ፊት ስቤ እገባለሁ። ባልና ሚስት በአንድ መኪና መወዳደር እዚህ የተለመደ ነው፤ ወንበሩን ሳይመልስ የወረደ ሰው ግን ማታ እቤት ይጠየቅበታል።

መኪኖቹ እንደ ሞተራቸው በምድብ ይከፈላሉ፤ በምድባችን አንደኛ የሚወጡት ፓስተር ኦርቪል ናቸው። ውድድሩ እሁድ ሳይሆን ቅዳሜ የሆነውም በእሳቸው ምክንያት ነው። ሞተራቸው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ዘይት ከመቀየር በቀር መፍቻ አላስነኩትም። ዌንደል ሁለተኛ ነው። አምናም ሁለተኛ፣ ካቻምናም ሁለተኛ፣ ከዚያ በፊትም እንደዚያው። ለአንደኛ ብቻ የምትሰጥ መዳፍ የምታክል የእንጨት ሰሌዳ አለች፤ ዌንደል ለእሷ ብሎ ጋራዡ ውስጥ፣ ከመፍቻዎቹ በላይ፣ ሚስማር ከመታ ዓመታት አልፈዋል። ያንን ባዶ ሚስማር ሳየው አንዳንዴ ያናድደኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ አንጀቴን ይበላዋል። ዘንድሮ ደግሞ የመጨረሻችን ነበር። ኮሌጁ ቦታው ላይ ሕንፃ ሊያቆምበት ስለሆነ ከዚህ ወዲያ ኮን የምንደረድርበት ሜዳ የለንም።

እንግዲህ በዚያ የበረዶ ወራት ነው ዌንደል ካምሻፍት ልቀይር ያለው። ካምሻፍት የሞተሩን ቫልቮች እየገፋ የሚከፍት፣ ጉብታ ጉብታ ያለው ዘንግ ነው፤ ሞተሩ መቼና ምን ያህል እንደሚተነፍስ የሚወስነው እሱ ነው። ጉብታው አነስ ሲል መኪናው ከመታጠፊያ ሲወጣ ወዲያው ይፈናጠራል። ጉብታው ትልቅ ሲሆን ሞተሩ በከፍተኛ ዙር እሳት ይሆናል፣ በዝቅተኛው ግን ያንቀላፋል። በኮን መካከል የሚጠማዘዝ ሰው የትኛው እንደሚበጀው ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም።

ግን ትልቁ ካምሻፍት ሚኒሞ ላይ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በራሱ ሲሠራ፣ የራሱ ድምፅ አለው። ዱብ፣ ዱብ-ዱብ፣ አሁንስ ጠፋ ስትሉ፣ ዱብ። ለእኔ የታመመ ልብ ነው የሚመስለኝ። የእኛ አገር ወንዶች ግን ይህን ሲሰሙ የሚሆኑትን አያሳያችሁ። ዌንደል እራት ላይ ስልኩን ከቺሊ ወጡ ሳህን አስደግፎ የሦስት ዓይነት ካምሻፍት ድምፅ ያሰማኛል፤ የቱ ይሻላል ይለኛል። እኔ መኪናው ተነስቶ ሲሮጥ እስክሰማ እጠብቃለሁ፤ እሱ ዱብ-ዱቡ እንዳለቀ ያቋርጠውና እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል።

"እስከ መጨረሻው አሰማኝ እንጂ" አልኩት አንድ ቀን።

"ዋናው እኮ ይሄ ነው፣ ማርላ። የቀረው ጩኸት ነው።"

እሱ ጋራዥ ሲወርድ የትልቁን ካምሻፍት ቅጂ ብቻዬን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ይንገዳገዳል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለውጦ ሌላ መኪና ይሆናል። ያቺን ቦታ ልብ አልኳት።

ፓስተር ኦርቪል ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በር ላይ ይዘውት፣ ትንሹን ብትወስድ ከመታጠፊያ ቶሎ ያወጣሃል ብለው መከሩት። ዌንደል መኪና ውስጥ እስክንገባ ታገሰና፣ እሳቸውማ ሁለተኛ ሆኜ እንድኖርላቸው ነው የሚፈልጉት አለ። በማግስቱ ትልቁን አዘዘ።

ይህ ብቻ አይደለም። በደንባችን ካምሻፍቱ የተቀየረ መኪና ሞተራቸው የተነካካ መኪኖች ወዳሉበት ምድብ ይዛወራል። በክለባችን በዚያ ምድብ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ወደ አሪዞና ሄዷል። ዌንደል ይህን አላሰብኩበትም ብሎ ይምላል፤ እኔም አምኜው ዝም ብያለሁ፣ ማለትም ዝም ብያለሁ። ከፓስተሩ አምልጦ በባዶ ምድብ አንደኛ ሊወጣ ነው። የረሳው አንድ ነገር፣ መኪናዋ ስትዛወር እኔም አብሬ መዛወሬን ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ሲያስነሳ የክለቡ ወንዶች ሁሉ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ከበቡት። ፓስተር ኦርቪል እንኳ ኮፍያቸውን ገፋ አድርገው፣ ግሩም ነው አሉ። ከዚያ ዌንደል ኮኖቹ መካከል ገባና መኪናዋ በየመታጠፊያው እንቅልፍ ወሰዳት። እንደ ወትሮው ገና ሲነሳ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ በዚያው ይጨርሳል፤ ሞተሩ ደግሞ በዚያ ዝቅተኛ ዙር ቢቀሰቅሱትም የሚነቃ አልነበረም። ከአምናው የራሱ ሰዓት ዘገየ። ወንዶቹ የሰሙትን እንጂ ያዩትን አላደነቁም።

እኔ አንደኛ ማርሽ ላይ ቆየሁ። ሞተሩ እየጮኸ፣ ወደዚያች ልብ ወዳልኳት ቦታ እስኪደርስ አልለቅም። ለዌንደልም እንዲህ ንዳ ብዬ ነገርኩት። ሞተሩን ትጨርሺዋለሽ አለኝ። እንዲህ እየተባባልን አንድ ቅዳሜ እሱ፣ አንድ ቅዳሜ እኔ እያሸነፍን፣ ነጥባችን እኩል ሆኖ የመስከረሙ የመጨረሻ ውድድር ደረሰ።

የዚያን ቀን የእሱ ተራ አልቋል፤ እኔ አንድ ዙር ቀርቶኛል፤ ለእያንዳንዳችን የሚቆጠረው ምርጡ ሰዓት ነው። በፈጣኑ ዙሬ ኮን ስለገጨሁ እሱ ይመራል። ሰሌዳዋን በእጁ የያዛት ያህል ተረጋግቶ፣ ቁጢጥ ብሎ የጎማ አየር ይለካል። መኪናዋ ውስጥ ሆኜ ተራዬን ስጠብቅ የፓስተሩ ሚስት ዶሮቲያ የቀረፋ ዳቦ ይዘውልኝ መጡና ጎንበስ ብለው አዋዩኝ።

"ማርላዬ፣ ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ሲለፋ ነው የከረመው። እግርሽን ትንሽ ብታነሺለት ምን ይጎልብሻል?"

እውነቱን ለመናገር እኔም ከማለዳ ጀምሮ ይህንኑ ሳስብ ነበር። ማሸነፍ እፈልጋለሁ፤ ያ ሚስማር ባዶውን እንዲቀርም አልፈልግም። ምን ልመልስላቸው ስል ዌንደል ከጎማው ቀና አለ። ሰምቷል። የራስ ቁሩን አጠለቀና ከጎኔ ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። ተሳፋሪ መያዝ አይከለከልም፤ የሚሻል ሰዓት የሚፈልግ ግን አይይዝም።

"ብታዘገዪልኝ ወደ ቤት በእግሬ ነው የምሄደው" አለኝ።

"ዌንደል፣ ትከብዳለህ እኮ።"

"ንጂ።"

ነዳሁ። አንደኛ ማርሽ ላይ ረግጬ ያዝኩት፤ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ያቺ ቦታ ላይ ደረሰና ተለወጠ። ጀርባችን ወንበሩ ላይ ተጣበቀ። ኮኖቹ በግራ በቀኝ አለፉ፣ አንዱንም አልነካሁም። አጠገቤ የሆነ ድምፅ እሰማለሁ፣ ሞተሩ መሰለኝ፤ ለካ ዌንደል ነው፣ እንደ ልጅ እየሳቀ።

ቆምን። ፓስተር ኦርቪል ሰዓት አንባቢ ስለነበሩ ውጤቱን በድምፅ ማጉያ፣ በቀብር ላይ በሚናገሩበት ድምፅ አነበቡት። በልጬዋለሁ። ዌንደል ከሁለት ሰው ሁለተኛ ወጣ።

የራስ ቁሩን ሳያወልቅ፣ ቀበቶውንም ሳይፈታ ተቀመጠ። ጨነቀኝ፤ ምነው እግሬን ባነሳሁለት ብዬ ተጸጸትኩ።

"እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም ነበር" አለ በመጨረሻ።

"ስነግርህ ከርሜ የለ።"

"ሚኒሞው ግን ያምራል።"

ሰሌዳዋን ሚስማሩ ላይ የሰቀላት ራሱ ነው። ስሜ በትልቁ ተጽፎባታል። ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ዌንደል ጋራዥ ያስገባውና መጀመሪያ ሞተሩን አስነስቶ ዱብ-ዱቡን ያሰማዋል፤ ከዚያ ወደ ሰሌዳዋ እያመለከተ፣ ካምሻፍቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ ይላል።