ከተንሳፈፈች ሂጂ

ልጄ ኤፊ ከቤት እንዳትወጣ ብዬ መርከብ ሥራ ያስጀመርኳት እኔው ነኝ። ኮሮና የገባ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ እኔ ደግሞ የውጭ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ጡቴ ሥር ይዣለሁ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ አሳዘነችኝና ከጎረቤታችን የእንጨት ሥራ ቤት ቁርጥራጭ ለምኜ አመጣሁላት። «በይ በዚህ ተጫወቺ» አልኳት። ስልኳ ላይ እያየች ከቁርጥራጩ መርከብ ሠራች። ደስ አለኝ። መርከብ የምትሠራ ልጅ አስፋልት አትሻገርም፣ ሰው አታቅፍም፣ በሽታ አታመጣም።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንደ ድሮው አልሆነም። የልብስ መቆንጠጫዬን ሁሉ ወስዳ ኮላ የቀባቻቸውን ጣውላዎች እስኪደርቁ ትይዝባቸዋለች፤ ያሰጣሁትን ልብስ የአሰላ ነፋስ ጎረቤት ግቢ ይጥለዋል። የመርከቡን ጎን የምታለብስባቸው ስስ እንጨቶች እንዲለመጡላት በትልቁ ድስቴ ትቀቅላቸዋለች። አንድ ቀን ጎመን መስሎኝ ጨው ጨምሬባቸዋለሁ። ምላጩ ጣቷን ይቆርጠዋል፣ ኮላው ሳንባዋን ይበላዋል፣ ብናኙ ዓይኗን ያጠፋዋል እያልኩ ስጠብቅ፣ ምንም ሳትሆን አደገች። ዩኒቨርሲቲ ገብታም በመካኒካል ምሕንድስና ተመረቀች። የመጣው ያልጠበቅኩት ነው።

እራት ላይ ነበርን። «እማዬ፣ ባሕር ዳር ተቀብለውኛል» አለች። የመርከብ መሐንዲሶች ማሠልጠኛ ነው። ሥልጠናውን የጨረሰ እውነተኛ መርከብ ላይ ይቀጠርና ወራት ሙሉ ባሕር ላይ ይኖራል።

«ሴት ይወስዳሉ?» አልኩ።

«ደውዬ ጠይቄያለሁ። ይወስዳሉ።»

«መርከብ ይሰምጣል እኮ!»

«ሚኒባስም ይገለበጣል፣ እማዬ።»

ይህን ለእኔ መናገር አልነበረባትም። ከዚያ ማታ ጀምሮ ሚኒባሱንም እፈራው ጀመር።

ባለቤቴ ወልደ ሚካኤል እየሳቀ እንጀራውን ይቆርሳል። የእሱ ሳቅ ይብስ አናደደኝና አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ። አዲሷ መርከብ ቡፌው ላይ ነበረች፤ ሦስት ምሰሶ ያላት፣ ከክንዴ የምትረዝም፣ ሸራዋ ከአባቷ አሮጌ ሸሚዝ የተቆረጠ። ወደ እሷ እየጠቆምኩ፣ «ይቺን ዝዋይ ሐይቅ ላይ አውርጃት። ከተንሳፈፈች ሂጂ። ከሰመጠች ግን ወሬው እዚያው ያብቃ» አልኩ።

«ቃልሽ ነው?» አለ ወልደ ሚካኤል።

«ቃሌ ነው።»

ቃሌን የሰጠሁት እንደምትሰምጥ ስለማውቅ ነው። መርከቧ የባሕር ዛፍ ናት፤ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ደግሞ አሰላ ውስጥ የማያውቅ የለም። ደግሞስ የኤፊ መርከቦች ሁሉ የቡፌ ጌጥ ናቸው። አንዷም ውሃ ነክታ አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ወልደ ሚካኤል ለቅሶ ሲሄድ እኛ ወጣን። ቤቱን ቆላልፌ የውጭውን፣ የሳሎኑን፣ የወጥ ቤቱን፣ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ሁሉ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ድንገት የሚሰበር ካለ ብዬ የምይዛቸው ትርፍ ጓጉንቸሮችም እዚያው ናቸው። ለወልደ ሚካኤል ቁልፍ አልተውኩለትም። እሱ ይጥላል።

በኦጎልቾው ሚኒባስ መርከቧን ጭኔ ላይ የያዝኳት እኔ ነኝ። ኤፊ ልያዛት ብትለኝ አልሰጠኋትም። ትስጠም አልኩ እንጂ መንገድ ላይ ትሰበር አላልኩም።

ጎኔ የተቀመጠችው ዙቤዳ የምትባል ነጋዴ ስታየን ቆይታ አላስቻላትም።

«ምንድን ነው እሱ፣ እህቴ?»

«መርከብ።»

«ወደ ጅዳ ናት?»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ረዳቱ ከበሩ ዞሮ፣ «ማዘር፣ መርከቧም ሂሳብ አላት!» አለ።

«ጭኔ ላይ ናት፣ አንተ! ለታቀፈ ልጅ ማን ይከፍላል?»

«ይቺ ልጅ ግን ጺም አላት» አለ፤ የምሰሶዎቹን ክሮች ማለቱ ነው።

«ተዋቸው እስቲ» አለች ዙቤዳ። ቀስ ብላም የመርከቧን ጎን በጣቷ ዳሰሰች። «ከምን ሠራችኋት?»

«ከባሕር ዛፍ» አለች ኤፊ።

«እንግዲያማ ባሕሩን ታውቀዋለች። አትፍሩላት።»

እኔ የምፈራው ሌላ እንደሆነ ለዙቤዳ እንዴት ልንገራት?

ከደጋው ወደ ቆላው ስንወርድ ሹራባችንን አወለቅን። ከኦጎልቾ ሐይቁ ድረስ ባጃጅ ያዝን። ባጃጁ ሲያንገጫግጨን መርከቧን ወደ ራሴ ሳስጠጋት፣ ከኋላዋ በነጭ ቀለም የተጻፈውን አነበብኩ። «የሺሃረግ» ይላል። ስሜ ነው።

«ኤፊ! ስሜን ምን ልታደርጊበት ነው?»

«መርከብ ስም ያስፈልጋታል።»

«የሌላ ሰው ስም ጠፋ? የአባትሽን አትጽፊም ነበር?»

«አባዬ በነፋስ ይወሰዳል። አንቺ ነሽ ውሃ የማታስገቢው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ስሜን ይዛ ልትሰምጥ ነው፤ ያውም እኔው ፈርጄባት።

ዳርቻው ጭቃና ቄጠማ ነው። ቱፋ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል።

«ጉማሬ አለ እዚህ?» አልኩት።

«ዛሬ አላየሁም፣ ሀርሜ።» በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው።

«ትናንትስ?»

«ትናንት ነበረ።»

«ኤፊ፣ ከጉልበትሽ እንዳታልፊ!»

ልጄ ሱሪዋን ሰብስባ ገባችና መርከቧን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ውሃው ላይ አስቀመጠቻት። ለቀቀቻት። መርከቧ ቆመች። ከዚያ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አለች፣ ይበልጥ ዘንበል አለች፣ ተኛች። የወልደ ሚካኤል ሸሚዝ ውሃ ጠጣ።

ኤፊ አነሳቻት። ገለበጠቻት፣ ጆሮዋን አስጠግታ ነቀነቀቻት። «ስንጥቅ የላትም። ሆዷ ባዶ ስለሆነ ነው» አለች። «ከታች የሚይዛት ክብደት ያስፈልጋት ነበር። ሁልጊዜ ለቡፌ ስለምሠራ ረሳሁት።» ድንጋይ ፍለጋ በዓይኗ ዳርቻውን ዞረች። ጭቃ ብቻ ነው። ቱፋንም ጠየቀችው፤ መረቡ ላይ ከታሰሩት ጥቃቅን ድንጋዮች በቀር የለውም።

«እሺ፣ እማዬ» አለች በመጨረሻ። «ቃል ቃል ነው።»

አላለቀሰችም። ይቺን ልጅ አውቃታለሁ፤ ሲከፋት ሥራ ትይዛለች። ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ሸራዎቹን አንድ በአንድ ጨመቀች። ቀጥላ በሸሚዟ ጫፍ ስሜን ትወለውል ጀመር፤ «የ»ን፣ «ሺ»ን፣ «ሃ»ን፣ ቀለሙ እንዳይለቅ ቀስ እያለች።

የፈለግሁት ሆኗል። ልጄ አሰላ ልትቀር ነው፤ ማታ ማታ ትንፋሿን ከግድግዳው ወዲያ ልሰማ ነው። ቦርሳዬን አንስቼ «እንሂድ» ልላት ተነሳሁ። ቦርሳው ከበደኝ።

«ኤፊ፣ መርከቧ ላይ ያቺ ክዳን ትከፈታለች?»

«የቷ?»

«መሐሏ ላይ ያለችው። ቁልፍ ይገባባታል?»

ቀና ብላ አየችኝ። መልስ ሳልጠብቅ ቁልፎቹን ከቀለበቱ እየፈታሁ ሰጠኋት። የውጭው በር ቁልፍ፣ ያ ትልቁ የድሮ ብረት፣ ገባ። የሳሎኑ ገባ። የወጥ ቤቱ፣ የቁም ሣጥኑ። ከዚያ ጓጉንቸሮቹን አወጣሁ።

«እማዬ፣ እነዚህን ሁሉ ይዘሽ ነው የምትዞሪው?»

«አትጠይቂኝ። ከባዱን ከታች አድርጊው።»

«አውቃለሁ» አለች። አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች።

ለሁለተኛ ጊዜ ውሃው ላይ ስታስቀምጣት መርከቧ ትንሽ ወረደች፤ ትንሽ ተወዛወዘች፤ ቀጥ አለች። እኔ እልል አልኩ መሰለኝ፤ ቱፋ መረቡን ጥሎ ተነሳ። በዚያው ቅጽበት ከመሬት በኩል ነፋስ መጣና ሸራዎቹን ሞላቸው። ኤፊ እጇን ብትዘረጋም አልደረሰችባትም። «የሺሃረግ» ጀርባዋን ሰጥታን ወደ መሐል ሄደች።

«ሀርሜ፣ ቁልፍዎ ሄደ!» አለ ቱፋ፤ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነው ጀልባውን ወደ ውሃ የገፋው።

ስልኬ ጮኸ። ወልደ ሚካኤል ነው።

«ከለቅሶ ተመልሼ ደጅ ቆሜያለሁ። ቁልፉ የት ነው?»

«መርከቧ ውስጥ።»

«መርከቧስ?»

«ሐይቁ መሐል።»

ቀስ ብሎ፣ «ተንሳፈፈች በይኛ» አለ።

ስልኩን ዘጋሁት። ኤፊ አጠገቤ መጥታ እስከ ጉልበቷ እንደራሰች ቆመች። አቅፋኝ አታውቅም እንዳልል ታቅፈኛለች፤ ያን ጊዜ ግን ትከሻዋን ብቻ ትከሻዬ ላይ አስደገፈች። ቱፋ ጀልባውን ይቀዝፋል፤ ያቺ ትንሿ ከፊቱ ትሮጣለች።

«ባሕር ዳር ወባ አለ አይደል?» አልኳት።

«አለ ይላሉ።»

«አጎበር ይዘሽ ትሄጃለሽ። ሁለት። አንዱ መቀደዱ አይቀርም።»